የእርዳታ ጥሪ የመሰለው የፊልም ገጽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም ለመሥራት ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ የ38,000 ዶላር ዘመቻ ከፍቼ ነበር። በ30 ቀን 61 ሰው 4,260 ዶላር ቃል ገባልኝና ጊዜው አለቀ፤ በደንቡ መሠረት አንድም ዶላር አልደረሰኝም። ፊልሙ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ለ19 ዓመት ሌሊት ሌሊት ካሸር ሆና ስለሠራች ሴት ነው። ለሁለተኛው ዙር ዕጣ፣ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ መዋጮና የትርፍ ድርሻ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ገጹን፣ ቪዲዮውን፣ ስክሪፕቱንና በጀቱን ልኬላችኋለሁ። ሰው ፌስቡክ ላይ ‹በርቺ› እያለኝ ለምን እጁን አልዘረጋም? ምን ላስተካክል?» ሐ.

መልስ፦ ውድ ሐ.፣

እንደገና ይሞክሩ። ግን በዚያው ገጽ፣ በዚያው በጀትና በዚያው ቪዲዮ አይሆንም።

ከገጹ እንነሳ። ጽሑፍዎ የሚከፈተው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ይህ ፊልም ያልተነገረውን የዲያስፖራ ታሪክ ለዓለም በማስተዋወቅ፣ ባህላችንንና ማንነታችንን ለተተኪው ትውልድ በማስተላለፍ ረገድ ከፍተኛ ሚና የሚጫወት በመሆኑ፣ ሁሉም ኢትዮጵያዊ የበኩሉን ድርሻ እንዲወጣ ጥሪያችንን እናቀርባለን።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ፊልም ይሆናል። ለሙዚየም ግንባታም ይሆናል። «ፊልም» የሚለውን ቃል ብቻ ቀይሮ ለሰንበት ትምህርት ቤት አውቶቡስ ግዢ መጠቀምም ይቻላል። ሴትዮዋ፣ ፓርኪንጉና ሌሊቱ የሚመጡት አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው፤ በስልክ ለሚያነብ ሰው ደግሞ አራተኛው አንቀጽ ሩቅ አገር ነው።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ብቻ ቢሆን በቀለለ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ስልኩ ላይ የሚመጡለትን የጎፈንድሚ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ሊንኮች ያስቧቸው፦ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሸኝ ቤተሰብ፣ የኩላሊት ታማሚ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ የተፈናቀሉ ወገኖች። እርስዎም «የበኩላችሁን ተወጡ» ብለው ሲመጡ ፊልሙን እዚያው ሰልፍ ውስጥ ያቆሙታል። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ፊልም መጨረሻ ላይ ነው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያው ነው። «በርቺ» ብሎ ያለፈው ሰው ቸልተኛ ሆኖ አይደለም፤ ለእርዳታ የመደባትን ለባሰበት አስቀድሞ ነው። እርስዎ መድረስ ያለብዎት ሌላኛው ኪሱ ጋ ነው፤ ለኮንሰርት፣ ለእራት፣ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ጉዞ የሚያወጣበት ኪስ። ከዚያ ኪስ የሚወጣ 75 ዶላር ምጽዋት አይደለም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን (1993 እ.ኤ.አ.) የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ሲያጡ እዚያው ዋሽንግተን ሲኒማ ተከራይተው ሲያሳዩ ሕዝቡን የጠሩት ፊልም እንዲያይ እንጂ እንዲያዝንላቸው አልነበረም።

ስለዚህ መክፈቻው ታሪኩ ራሱ ይሁን። ከስክሪፕትዎ ላይ ብቻ ተነስተን እንዲህ አሳጥረነዋል፦

«አልማዝ ሮዝሊን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ለ19 ዓመት የሌሊት ካሸር ናት። ነገ ጠዋት ሒሳብ የምትቀበልበት ቡዝ ተነስቶ ማሽን ይተከልበታል። በመጨረሻዋ ሌሊት ትኬቱ የጠፋበት ሾፌር ይመጣል፤ ከብዙ ዓመት በፊት ካርቱም ላይ ሳይሰናበታት የጠፋው ሰው ነው። መውጫውን የምትከፍተው እሷ ናት። ይህን የ15 ደቂቃ ፊልም በሦስት ሌሊት ለመቅረጽ 15,500 ዶላር እንፈልጋለን።»

ማን፣ የት፣ ምን ሊሆን ነው፣ ስንት ሌሊት፣ ስንት ዶላር። «ባህል» የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ሮዝሊን ወይም ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አንብቦ አያልፈውም። አንድ ትንሽ ነገርም ልብ ይበሉ፦ በገጹ ላይ ቦታውን «ጋራዥ» ብለውታል። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ጋራዥ መካኒክ ቤት ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው «ፓርኪንግ» እና «ቡዝ» ነው የሚሉት፤ እሱኑ ይጻፉ።

እንግሊዝኛውን ከአማርኛው አይተርጉሙት፤ ለየብቻ ይጻፏቸው። እንግሊዝኛውን የሚያነቡት እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆችና የአጭር ፊልም ወዳጆች ናቸው። አማርኛው ደግሞ ካሸሯን በአካል ለሚያውቋት ነው። ገጹ ላይ እንግሊዝኛው ይቅደም፣ አማርኛው ከታች ይምጣ፤ አንድ አንቀጽ በዚህ አንድ አንቀጽ በዚያ እያሉ መቀላቀል ግን ሁለቱንም አንባቢ ያደክማል።

አሁን ወደ ቁጥሩ፤ ከሁሉም በላይ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። 4,260ን ለ61 ቢያካፍሉት አንድ ሰው በአማካይ 70 ዶላር ቃል ገብቶልዎታል። 38,000ን ለ70 ሲያካፍሉ ደግሞ 543 ሰው ይወጣል። በስም የሚያውቋቸውና ስልክ የሚደውሉላቸው 543 ሰዎች ካልነበሩዎት፣ ግቡ ዘመቻው ሳይከፈት ነው የወደቀው። ግቡ 15,500 ሲሆን የሚያስፈልግዎት 222 ሰው ነው፤ 61ዱ ደግሞ አሉ። ኪክስታርተር «ወይ ሙሉውን ወይ ምንም» በሚል ስለሚሠራ ግቡ ሳይሞላ ሲቀር የማንም ካርድ አይነካም፤ ሰዎቹ የከፈሉትም የተቆጡበትም ነገር የለም። 4,260 የአዲሱ ግብ 27 በመቶ ነው። አዲስ ዘመቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ 30 በመቶ ከተጠጋ የማያውቁዎት ሰዎችም «ይሄ ነገር ሊሆን ነው» ብለው መግባት ይጀምራሉ። ውድቀት ብለው የጻፉልን ነገር የመጀመሪያ ሳምንትዎ ነው ማለት ነው።

38,000 ወደ 15,500 እንዴት እንደወረደ እናሳይዎት። በጀትዎ ላይ ሦስት መስመሮች ሰውን አስደንግጠዋል፦ «ካሜራ ግዢ 9,000»፣ «የፌስቲቫል ጉዞ 4,000» እና «ልዩ ልዩ 5,000»። ካሜራ ግዢ ሲያይ ሰው የሚያስበው «ፊልሙ ካለቀ በኋላ ካሜራው የማን ነው?» ብሎ ነው። ይከራዩ። ዓርብ ከሰዓት ወስደው ሰኞ ጠዋት ለሚመልሱት ዕቃ ብዙ አከራዮች የአንድ ቀን ሒሳብ ነው የሚያስከፍሉት፤ የቢሮ ሕንፃ ፓርኪንግ ደግሞ ባዶ የሚሆነው ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ሁለቱ ይገጥማሉ። የፌስቲቫል ጉዞ ፊልሙ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚታሰብ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚለው ቃል ከየትኛውም የሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ላይ መጥፋት አለበት፤ በቦታው 10 በመቶ መጠባበቂያ ይግባ፣ ለምን እንደሆነም ይጻፍ።

ዋጋዎቹን እርስዎ እየደወሉ ያስተካክሏቸው፤ ቅርጹ ግን ይህን ይመስላል፦

የቀረጻ ቡድን፣ 8 ሰው × 3 ሌሊት × 200 ዶላር፦ 4,800
ተዋንያን፣ 2 ሰው × 3 ሌሊት × 150፦ 900
የካሜራ፣ የሌንስ፣ የመብራትና የድምፅ ዕቃ ኪራይ፦ 1,350
የፓርኪንጉ ኪራይና ኢንሹራንስ፦ 1,200
ምግብ፣ 12 ሰው × 2 ጊዜ × 3 ሌሊት × 14፦ 1,008
መጓጓዣ፦ 400
ሁለት ሃርድ ድራይቭ፦ 250
ኤዲቲንግ፣ ድምፅ ሚክስና ከለር፦ 3,000
የፌስቲቫል ማመልከቻ፣ 15 × 45፦ 675
ድምር፦ 13,583
መጠባበቂያ 10 በመቶ፦ 1,358
የምስጋና ስጦታዎች ወጪ፦ 900
ጠቅላላ፦ 15,841

ለቀረጻ ቡድኑ የተያዘው 200 ዶላር ለአንድ ሙሉ ሌሊት ዝቅተኛ ክፍያ ነው። ከዚህ በታች ዝቅ ብለው «ለፍቅር ይሥሩልኝ» ካሉ በሁለተኛው ሌሊት የድምፅ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይመጣበታል። ኢንሹራንሱም የሚዘለል አይደለም፤ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ሳያዩ በር አይከፍቱም። ሃርድ ድራይቩ ሁለት የሆነው አንዱ ቢበላሽ ሦስት ሌሊት እንዳይጠፋ ነው፤ ይህችን ምክንያት ራሷን ገጹ ላይ ቢጽፏት ሥራዎን እንደሚያውቁ ከየትኛውም ዲግሪ በላይ ትመሰክራለች።

በላኩልን በጀት ላይ በእጄ አለ ያሉት 2,000 ዶላር ሲቀነስ 13,841 ይቀራል። ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል፤ የካርድ ክፍያ ማስተናገጃው ደግሞ 3 በመቶና ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 ሳንቲም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 8 በመቶ የሚቆረጠው ከሚሰበሰበው ላይ ስለሆነ 13,841 ላይ 8 በመቶ መጨመር አይበቃም፤ ለ0.92 ያካፍሉት፣ 15,045 ይመጣል። ለ222 ሰው ሳንቲሞቹ 45 ዶላር ገደማ ናቸው። ካርዳቸው በመጨረሻው ሰዓት እምቢ ለሚልባቸው ሰዎች ወደ 400 ዶላር ያስቡ። 15,490 ሆነ፤ 15,500 ይበሉት።

ለሁለተኛው ዙር ልጨምር ያሏቸውን ሐሳቦች ተዉአቸው። «50 ዶላር የሰጠ ሁሉ የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬት ዕጣ ውስጥ ይገባል» የሚለው በማኅበር ዝግጅት ላይ የተለመደ ቢሆንም ኪክስታርተር ዕጣን ይከለክላል። ከገቢው 10 በመቶ ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ የሚለውም እዚያ መድረክ ላይ አይፈቀድም፤ ባይከለከል እንኳን ወደዚያው የእርዳታ ሰልፍ ነው የሚመልስዎት። ከሁሉ የከፋው «1,000 ዶላር ለሰጠ ከትርፉ 2 በመቶ» የሚለው ነው። ትርፍ ለማካፈል ቃል ገብቶ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ አሜሪካ ውስጥ እንደ አክሲዮን ሽያጭ የሚታይ ነው፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት ከሜይ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢፈቀድም የሚካሄደው ለዚያ በተመዘገቡ መድረኮች በኩል ብቻ ነው። ለ15 ደቂቃ ፊልም ወደዚያ ጣጣ የሚያስገባ ነገር የለም፤ አጭር ፊልም ትርፍ ያመጣል ብሎ ለሰው መናገርም ራሱ ልክ አይደለም።

የምስጋና ስጦታዎቹን በተመለከተ ቲሸርቱንና ኩባያውን ያውጧቸው። ቲሸርቱ 12 ዶላር ቢያወጣ፣ ወደ ለንደን ፖስታው 20 ዶላር ቢሆን፣ ከ40 ዶላር ስጦታ ላይ ለፊልሙ የሚቀረው 8 ዶላር ነው፤ መድረኩ ድርሻውን ሲያነሳ ደግሞ 5 እንኳን አይሞላም። መጠኑ የተሳሳተ ቲሸርት ሲመለስ ምን እንደሚሆን አናወራም። የማይላክ ነገር ይስጡ። በ15 ዶላር የቀረጻውን ሒደት በየጊዜው ማሳወቅ፤ በ35 ፊልሙን በግል ሊንክ ማየት፤ በ75 ስም በፊልሙ መጨረሻ ላይ፤ በ150 ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ በሚደረገው የመጀመሪያ ማሳያ ሁለት መቀመጫ፤ በ500 ከቀረጻው ሌሊቶች በአንዱ መጥቶ መመልከት፣ ለ4 ሰው ብቻ። በ75ቱ ላይ አንድ ነገር ይጨምሩበት፦ ስማቸው በፊደል እንዲጻፍ፣ ከፈለጉም በእናታቸው ወይም በአባታቸው ስም እንዲሆን። የሌሊት ሥራ እየሠራች ያሳደገችውን እናቱን ስም ስክሪን ላይ ለማየት 75 ዶላር የሚበዛበት ልጅ ብዙ አይገኝም። ስሙን ግን እነሱ ራሳቸው እንዲጽፉልዎት ያድርጉ፤ ዓለሙን በአልፋው አ ይሁን በዐይኑ ዐ ብለው እየገመቱ ከጻፉ ምስጋናው ቅሬታ ይሆናል።

በ35ቱ ዶላር ሊንክ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ፌስቲቫሎች ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ የተለቀቀ ፊልም አይቀበሉም። ሊንኩ በይለፍ ቃል የተዘጋ እንደሚሆንና የሚላከው የፌስቲቫሉ ዙር ሲያልቅ እንደሆነ ከወዲሁ ይጻፉ፤ አለበለዚያ በስምንተኛው ወር «ፊልሜ የት አለ?» የሚል መልእክት ሲመጣ መልስ አይኖርዎትም።

ቪዲዮው። አምስት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰከንዶች ላሊበላን ከሰማይ ያሳያሉ። ፊልሙ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ምድር ቤት ነው! ላሊበላ ለማንም የሚያምር ቢሆንም እዚህ ሥራ የለውም፤ ከሥሩ ያለው የታዋቂ ዘፋኝ ሙዚቃም ያለ ፈቃድ ከሆነ ፌስቡክና ዩቲዩብ ድምፁን ሊያጠፉት ወይም ቪዲዮውን ሊያወርዱት ይችላሉ። ጠቅላላ ርዝመቱን ከ2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አያሳልፉ። መጀመሪያ 20 ሰከንድ ያህል ፓርኪንጉ፦ የቡዙ መስኮት ብቻ በርቶ፣ የተዋናይቷ እጅ ሳንቲም ሲቆጥር፣ ያለ ንግግር። ቀጥሎ እርስዎ፣ ስምዎንና ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል፣ የቱ ላይ እንደደረሱ፣ እስከ መቼ እንደሆነ። መጨረሻ ላይ ተመልሶ ቡዙ፣ መብራቱ ሲጠፋ። ጽሑፉን ጮክ ብለው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት፤ በዓይን ሲነበብ አንድ ደቂቃ የሚመስል ገጽ በአፍ ሲነገር ሁለት ይሆናል።

ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገስም። ፓርኪንግ ደግሞ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ስለሆነ እንደ ጉድጓድ ያስተጋባል። ስለዚህ ምስሉን እዚያ ይቅረጹ፤ ንግግርዎን ግን እዚያው የቆመ መኪና ውስጥ ገብተው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ መስኮቱን ዘግተው ይቅዱ። የመኪና ወንበርና ጣራ ድምፅ ስለሚውጡ ለዚህ ሥራ ጥሩ ክፍል ነው። በልብስ ላይ የሚቆነጠጠው ማይክ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፣ ሻርፕ እንዳይነካው ይጠንቀቁ። የፓርኪንግ መብራት ካሜራ ላይ ብልጭ ድርግም ካለብዎ የሹተር ፍጥነቱን 1/60 ወይም 1/120 ላይ ያድርጉት፤ የአሜሪካ መብራት በ60 ኸርትዝ ስለሚሠራ ነው። አገር ቤት የሚቀርጽ ሰው በ50 ኸርትዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ይጠቀማል።

ንግግሩ በአማርኛ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፤ ፊልሙ አማርኛ ስለሆነ ቪዲዮውም ያንን ጆሮ ያስለምዳል። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ለፌስቡክና ለቲክቶክ የሚሆን የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ቅጂም ያዘጋጁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ፎንቶች ኤዲት የሚደረግበት ኮምፒውተር ላይ አስቀድመው ይጫኑ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይወጣል፣ ኤዲተሩ አማርኛ የማያነብ ከሆነ ደግሞ ሳይታወቅ እንደዚያው ይለቀቃል።

ከሌላ ፊልም የወሰዷቸው አራት ፎቶዎች ይውጡ። የሰው ንብረት ናቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ገና ካልሠሩት ፊልም የተሻሉ ስለሆኑ ያስንቁብዎታል። በአንድ እሁድ ተዋናይቷን ቡዝ ውስጥ አስቀምጠው የሚያነሷቸው ሦስት ፎቶዎች ይበልጣሉ።

አሁን ስልኩን ያንሱ። ዘመቻ ከመከፈቱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በፊት ሥራው የሚሠራው እዚህ ነው። 222 ስሞች ያሉት ዝርዝር ያውጡ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በምን እንደሚያገኙትና ስንት ሊሰጥ እንደሚችል ይጻፉ። ሁሉም አይሰጡም፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ከ222 በእጥፍም በሦስት እጥፍም ቢበልጥ አይከፋም። የ300 ሰው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሊንክ መጣል ግን መጠየቅ አይደለም፤ እዚያ የተጠየቀው ሁሉም ስለሆነ ማንም አይደለም። ለ61ዱ ለእያንዳንዳቸው ይጻፉ፦

«ጋሽ እገሌ፣ እንደምን ሰነበቱ። ባለፈው ለፓርኪንጉ ፊልም 100 ዶላር ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ ግቡ ስላልሞላ ከካርድዎ ምንም አልወጣም። አሁን በጀቱን ከ38,000 ወደ 15,500 አውርጄ ማክሰኞ ጠዋት እንደገና እከፍታለሁ። የሚረዳኝ በመጀመሪያው ቀን ቢገቡልኝ ነው። እስከዚያ ምንም አይቸገሩ፤ ሊንኩን ያኔ እልክልዎታለሁ።»

አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀን። ኪክስታርተር ከመከፈቱ በፊት «ሲጀመር አሳውቁኝ» የሚል ገጽ ያወጣልዎታል፤ እሱን ለማያውቋቸው ይጠቀሙበት፣ ለሚያውቋቸው ግን ይደውሉ።

ዝርዝሩ ውስጥ ካርድ ኢንተርኔት ላይ ማስገባት የማይወዱ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ይሆናሉ። ጥሬ ገንዘብ ወይም ቼክ ካልሰጠን ይላሉ። ይህ ገንዘብ ዘመቻው ከተከፈተ በኋላ ከመጣ ያስቸግራል፤ የራስዎን ዘመቻ ራስዎ መደገፍ አይችሉም፣ ግቡም በሱ አይሞላም። ከመክፈትዎ በፊት ይቀበሏቸው፣ ደረሰኝ ይስጧቸው፣ የተሰበሰበውንም «በእጅ ያለ» ብለው ከግቡ ላይ ይቀንሱ። 1,200 ዶላር በዚህ መንገድ ቢመጣ ግቡን 14,200 ማድረግ ይችላሉ። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ለሚመጡት ደግሞ ልጃቸው በራሱ ካርድ በእናቱ ስም ይግባላቸው።

«ገንዘቡ በማን እጅ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይጠየቁ ይመልሱት። እቁብ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ዳኛውና ጸሐፊው ማን እንደሆኑ ነው፤ ሐቀኛ ሰዎች መሆናቸውን ሲያውቅ ዕጣው መቼም ይድረሰው መቼ ይጥላል። ገጽዎ ላይ የፕሮዲውሰሩ ስምና ፎቶ የለም። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ፣ ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንደሆነ፣ ሒሳቡ መቼ ለደጋፊዎች እንደሚገለጽ ይጻፉ። የታክሱን ጉዳይ ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት፤ በዚህ መንገድ የተሰበሰበ ገንዘብ በአብዛኛው እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ቀረጻውን በተቻለ መጠን ገንዘቡ በገባበት ዓመት ማካሄድ ይሻላል።

አዲስ አበባ ሆነው ይህን ለሚያነቡ አንድ ቃል፦ ኪክስታርተር ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው ዘመቻ እንዲከፍት አይፈቅድም። «አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ይክፈትልኝ» ካሉ በሕግ ተጠያቂውም ባለ ታክሱም እሱ ነው። ይህን ሳይነግሩት አይጀምሩ።

ቀኑን ሲመርጡ 30 ቀን ይብቃ። 60 ቀን መውሰድ ይቻላል፤ ግን «ገና ጊዜ አለ» የሚለውን ሰበብ ከማስረዘም ሌላ ጥቅም አላየንበትም። ማክሰኞ ጠዋት ይክፈቱ፤ መዝጊያው ብዙ ሰው ደመወዝ ከሚቀበልበት ከ15ኛው ወይም ከወሩ መጨረሻ ቀጥሎ ያለ ቀን ላይ ይዋል። በጁላይ 4 ሰሞን ያለው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሳምንት ላይ ግን አይጀምሩ፤ ያን ሳምንት ገንዘቡም ሰዉም መንገድ ላይ ነው።

የሰዓቱን ነገር አቅልለው አይዩት። ባለፈው ማስታወቂያዎ ላይ «ዘመቻው ማታ በ9 ሰዓት ይዘጋል» ብለዋል። ግማሹ አንባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቆጥሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጊዜ ያለው መስሎት ተኝቷል። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ሐሙስ ማታ፣ በዋሽንግተን ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ስልክዎ ላይ 9:00 ሲል»። አዲስ አበባ በአሜሪካ በጋ (ከማርች እስከ ኖቬምበር) ከዋሽንግተን 7 ሰዓት፣ በአሜሪካ ክረምት ደግሞ 8 ሰዓት ስለምትቀድም ያኔ እዚያ ዓርብ ንጋት ነው። ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ያስቀምጡት።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ዝም ይላል። የሁሉም ዘመቻ እንደዚያ ነው፤ ተስፋ ቆርጠው በየቀኑ «እባካችሁ» ማለት ሲጀምሩ ነው የሚሞተው። ለዚያ ጊዜ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አስቀድመው ሠርተው ያስቀምጡ፦ ተዋናይቷ አንድ ገጽ ስታነብ የሚያሳይ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ፣ የቡዙ ንድፍ፣ ከዚህ ቀደም ካሸር ከነበረ ሰው ጋር የተደረገ አጭር ጭውውት። በየአምስትና ስድስት ቀኑ አንድ አንድ ይልቀቁ፣ ሦስቱንም በዘመቻው ሊንክ ይዝጉ።

«አደጋዎችና ችግሮች» በሚለው ክፍል «በእግዚአብሔር ፈቃድ ምንም ችግር አይገጥመንም» ብለዋል። እምነቱ የእርስዎ ነው፤ አንባቢው ግን የሚፈልገው ችግሩን አስበውበት እንደሆነ ማወቅ ነው። «የፓርኪንጉ ፈቃድ የቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ ሕንፃው ሐሳቡን ቢቀይር በደብዳቤ የተስማማንበት ሁለተኛ ፓርኪንግ አለ፤ ያ ከሆነ ቀረጻው በሦስት ሳምንት ይገፋል» ይበሉ። ሁለተኛው ፓርኪንግ ከሌለ ይህን ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ይፈልጉት።

የቀረጻውን ቀን ሲቆርጡ ደግሞ ገንዘቡ የሚደርስበትን ቀን ያስሉ። ዘመቻው ሲዘጋ ካርዳቸው ያልሠራ ሰዎች እንዲያስተካክሉ 7 ቀን ይሰጣቸዋል፤ ገንዘቡ ወደ እርስዎ የሚላከው ከተዘጋ ከ14 ቀን በኋላ ነው፣ ባንክ እስኪገባም ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ የፓርኪንጉንና የካሜራውን ውል ዘመቻው ከተዘጋ በኋላ አምስተኛው ሳምንት ሳይደርስ ላለ ቅዳሜና እሁድ አይፈርሙ።